ወፍጮው ለእኔ ሲባል የቆመ ዕለት

ወፍጮ ቤት አጠገብ አድሮ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም፤ የወፍጮ ድምፅ በደንብ የሚሰማው ሲያቆም ነው። ፍኖተ ሰላም፣ የክርስትና እናቴ ቤት፣ ከነጋ ጀምሮ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠ ሲያጓራ የነበረው የጎረቤት ወፍጮ ድንገት ጸጥ አለ። እኔ መብራት የሄደ መስሎኝ ክው አልኩ። የክርስትና እናቴ ግን ብቅ ብለው በፈገግታ፣ «ላንቺ ነው። ጋሼሽ ሄደው ባለወፍጮውን ለምነውት ነው፤ ቃለ መጠይቅሽ እስኪያልቅ አይፈጭም» አሉኝ።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ከገጠር እህል ጭነው የመጡ ሴቶች በወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ጆንያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አህዮቻቸው ከነጭነታቸው ቆመዋል። እኔን ነው የሚጠብቁት። እኔን! እስከ ዛሬ ያ ጸጥታ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ እሸማቀቃለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። የማስተምረውም፣ ልብ በሉልኝ፣ ኮምፒውተር ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ የነጻ ትምህርት ዕድል አመልክቼ አንዴ ተመልሶብኝ፣ በስንት ልፋት እንደገና ሞክሬ ወረቀቴ አለፈ። የቀረኝ በኢንተርኔት ፊት ለፊት እየተያዩ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። ያን ካለፍኩ እሄዳለሁ፤ ካላለፍኩ እዚያው ልጆቹን የኮምፒውተር ሥዕል በጠመኔ እየሣልኩ ማስተማሬን እቀጥላለሁ። ፈታኞቹም በተባለው ሰዓት ያልተገኘ ሰው ሌላ ቀጠሮ እንደማይሰጠው አስቀድመው ጽፈውልኝ ነበር።

ቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ቡሬ ላይ ኢንተርኔት የምጠቀምበት ቢሮ ቅዳሜ ዝግ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት እንደሆነ በእኛ በኩል መጣ ሲሉት የሚሄድ ነገር ነው፤ የሚታመነው በመስመር የገባለት ቤት ብቻ ነው። ጭንቀቴን እናቴ ለክርስትና እናቴ ነግራቸው ኖሮ፣ «ምነው፣ እኛ ሞተናል እንዴ?» ብለው ላኩብኝ። ባለቤታቸው ጋሼ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ዋይፋይ አስገብተዋል።

አርብ ከሰዓት በማንኩሳ በኩል በሚኒባስ ሄድኩ። ላፕቶፔን ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ። የላፕቶፑ የራሱ ዋይፋይ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ቀን ከባጃጅ ስወርድ ጣልኩትና ሌላው ሁሉ ተርፎ ያ ብቻ ቀረ። በምትኩ ባሕር ዳር የገዛኋትን የዩኤስቢ አዳፕተር ከጎኑ እሰካለሁ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ዋይፋይ የምትይዝልኝ እሷ ናት፤ ቡሬ ቢሮ ውስጥ አንድም ቀን አሳፍራኝ አታውቅም።

እንደ ደረስኩ መሞከር ነበረብኝ። ይህን ማንም ያውቃል። ግን ሰው ቤት ገብተህ፣ ገና እግርህ ሳያርፍ፣ ዕቃ ከፍተህ «እስቲ ዋይፋያችሁ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ትላለህ? ነውር ነው። «በይ መጀመሪያ እህል ቅመሺ» ተባልኩ። ቀመስኩ። የእናቴ ጤና ተጠየቀ፣ የአባቴ ተጠየቀ፣ የከብቱ ተጠየቀ። ጋሼ በመሐል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዋይፋዩን ላንቺ ብለን አሳድሰነዋል። ‹እንግዳ› ብለን በፈረንጅ ፊደል ሰይመነዋል፤ መግቢያው የክርስትና ስምሽ ነው» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ሰው የዋይፋይ ፓስወርድ በስሜ አድርጎልኝ አያውቅም። ከራት በኋላ አሁንስ ልሞክር ብዬ ብድግ ስል መብራት ሄደ። ሲነጋ መጣ።

ሲነጋ ደግሞ ቤቱ የሠርግ ቤት መስሏል። እልፍኙ ተጠርጓል። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ፈታኞቹ እንዲያዩዋት ብለው የእመቤታችንን ሥዕል ከሳሎን አምጥተው ከጀርባዬ ሰቅለዋል። የንስሐ አባታቸው መጥተው ጸሎት አደረሱልኝ፤ ጠበል ረጩኝ፤ ላፕቶፑንም ረጩት። ከዚያ ሁሉም ወጥቶ በሩ ገርበብ ተደረገና ወፍጮው ጸጥ አለ። ገና ሰዓት ነበረኝ። ረጋ ብዬ አዳፕተሯን ሰካሁ።

የኔትወርኮቹ ዝርዝር መጣ። አስፋልት ዳር ያለው ሆቴል አለ። ፋርማሲው አለ። የአንድ ጎረቤት ስም ያለበት አለ። «እንግዳ» የለም።

ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣችም። አዳፕተሯን ነቅዬ በሌላኛው ጎን ሰካኋት፤ ያው ነው። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት፤ ሆቴሉ፣ ፋርማሲው፣ ጎረቤቱ። በዚህ መሐል ጋሼ በሩ ጋ ደርሰው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ሁሉ ሰላም ነው?» አሉ።

አፌ እኔን ሳይጠይቅ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰላም ነው ጋሼ» አለ።

ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው! ግን እኛ አገር ትልቅ ሰው ሰላም ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው እንኳ መጀመሪያ ይመስገን ይላል፤ የት የት እንደሚያመው የሚናገረው ቆይቶ፣ በስንት ልመና ነው። እኔም ይመስገን አልኩ። ጋሼም «ተመስገን» ብለው እግራቸውን እየጎተቱ ወደ በረንዳው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ቃሌን ማጠፍ ከበደኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠበሉን ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጠብታ ገብቶባት ይሆናል ብዬ ያቺን አዳፕተር ነቅዬ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኋት፣ እፍ አልኩባት፣ በብብቴ አሞቅኋት። የኮምፒውተር አስተማሪዋ! ከጀርባዬ እመቤታችን ታየኛለች። መልሼ ስሰካት ሆቴሉንም ፋርማሲውንም ጥርት አድርጋ አመጣችልኝ፤ ጠበሉ ነጻ ወጣ።

ድራይቨሯን፣ ማለትም ላፕቶፑ አዳፕተሯን የሚያናግርበትን ፕሮግራም፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። የሲግናል ችግር ይሆናል ብዬ በማራዘሚያ ገመድ መስኮቱ ጋ አደረስኳት። ስሙ ተደብቆ ይሆናል ብዬ «እንግዳ» ብዬ በእጄ ጽፌ፣ የክርስትና ስሜንም አስገብቼ ሞከርኩ። አላገኘሁትም አለኝ። በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁ። ስልኬ ያረጀ ነው፣ ስክሪኑም ተሰነጣጥቋል፤ ግን ዋይፋይ ያያል። እሱም ሆቴሉን አየ፣ ፋርማሲውን አየ፣ «እንግዳ»ን አላየም።

ሁለቱም ካላዩት፣ አልኩ በልቤ፣ የጋሼ ዋይፋይ ጠፍቷል ማለት ነው። አስቡት እስቲ። ቄስ ጠርተው፣ ወፍጮ አስቁመው፣ በስሜ ፓስወርድ አድርገው፣ እኔ ከእልፍኝ ወጥቼ «ጋሼ፣ ዋይፋይዎ የለም» ልበል? በሴቶቹ ፊት፣ በቄሱ ፊት? ማዕድ አቅርቦ የጋበዘን ሰው፣ ሞሰብዎ ባዶ ነው እንደ ማለት ሆነብኝ። ደግሞ እውነቱን ካወራሁ አይቀር፣ ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። «አስተማሪ ነኝ ትላለች፣ ዋይፋይ መክፈት አቃታት» መባሉንም ፈርቻለሁ። የቱ እንደበለጠብኝ ዛሬም አላውቅም።

ትንሽ ልጠብቅ፣ ራሱ ይመጣል አልኩ። ሰዓቱ ደረሰ። አልመጣም። ዝርዝሩን እያደስኩ፣ «ኧረ በእናትህ! ኧረ ና!» ብዬ ሳላስበው ድምፅ አወጣሁ። ከበሩ ኋላ የክርስትና እናቴ በሹክሹክታ፣ «ጀመረች! ጀመረች!» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቀጠልኩ። ዝም ካልኩ ምን ሆነሽ ተብዬ ሊገቡ ነው። ካሜራውን ከፈትኩ፤ የገዛ ፊቴ መጣ። ለገዛ ፊቴ በእንግሊዝኛ ስለ ራሴ ማውራት ጀመርኩ። የተወለድኩበትን ነገርኩት። ለምን መማር እንደምፈልግ ነገርኩት። ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው እንድመስል በየመሐሉ ዝም እያልኩ ራሴን እነቀንቃለሁ። በአንድ እጄ ግን ዝርዝሩን ማደስ አላቆምኩም፤ አሁን ብትመጣ እኮ እደርሳለሁ እያልኩ። ውጭ አንዲት አህያ ማናፋት ስትጀምር አንዷ ሴት፣ «ኧረግ! ዝም አሰኛት እንጂ፣ ልጅቱ እየተፈተነች!» ስትል ተሰማኝ። እኔም ላልጠየቀኝ ሰው «አመሰግናለሁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ።

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ሰዓቱን አየሁ። አልፏል። ሁሉም ነገር አልፏል። ላፕቶፑን ከደንኩትና አዳፕተሯን ነቅዬ ኪሴ ከተትኳት። ማልቀስ ፈለግሁ፤ ፊቴ እንዳያስታውቅ ብዬ ተውኩት።

በሩን ስከፍት እልልታው ተቀበለኝ። የክርስትና እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። «እንዴት ነበር የኔ ዓለም?»

«ጥሩ ነበር፣ ይመስገን» አልኩ።

ቄሱ በመስቀላቸው ባረኩኝ። ወፍጮው አጓርቶ ተነሳ። የክርስትና እናቴ ከአርብ ጀምሮ የደፉትን ዳቦ ቆርሰው በሰፌድ ይዘው ወጡና ሲጠብቁ ለነበሩት ሴቶች አደሉ፤ እኔንም አብሬ እንድቆም ጠሩኝ። አንዷ ዳቦውን ተቀብላ፣ «እሰይ፣ ለኛም ልጆች እንዲህ ያርግልን» አለችኝ። አሜን አልኩ። የት ልግባ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የክርስትና እናቴ ደግሞ በሰላም ከጨረስሽ ብለው ለማርያም ጥላ ተስለው ኖሮ፣ አብረቅራቂውን ጥላ ከሳጥን አውጥተው ዘርግተው አሳዩኝ። «ነገ እሑድ ነው፣ አስገባላታለሁ» አሉ።

ምሳ ላይ ጋሼ አልበሉም። እንጀራውን ይዳብሱታል እንጂ አይጎርሱም። እኔ በደስታ ተነክተው ነው አልኩ። በኋላ ልሰናበት ስል፣ የላፕቶፕ ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቀው፣ «እኔ እሸኛታለሁ» ብለው ወጡ። ትልቅ ሰው ቦርሳ ተሸክሞልኝ ባዶ እጄን ከኋላ ስከተል ሌላ ሐፍረት ነው፤ ብለምናቸውም አልሰጡኝም። ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደሄድን ቆሙ።

«ልጄ፣ ተቀይመሽኛል?» አሉኝ።

«ኧረ በእግዚአብሔር ጋሼ! በምን?»

«ዋይፋዩ እምቢ ብሎሽ ነበር አይደል?»

መልሴን ሳይጠብቁ ስልካቸውን አወጡ። ባለሙያው የጫነላቸው ነገር አለ፤ ዋይፋዩን ማን ማን እየተጠቀመ እንደሆነ ያሳያል። «በረንዳ ላይ ሁኜ ጠዋቱን ሙሉ ይህችን ሳይ ነበር» አሉ። «የኔ ስልክ ብቻ ነው ያለው። አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች ብዬ ብጠብቅ፣ ምንም። ድምፅሽን እሰማለሁ፤ እዚህ ግን የለሽም። ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልገቡም?» ድምፄ ሳላውቀው ከፍ አለ።

«ብጠይቅሽ ሰላም ነው አልሽኛ!» አሉ። «ቃልሽን ሐሰት አድርጌ እንዴት ልግባ? ደግሞስ በምን ፊቴ? ሰው ጠርቼ፣ ወፍጮ አስቁሜ፣ ኑ ልጄን እዩልኝ ብዬ፣ ዋይፋዬ እንዲህ አዋረደኝ። ገብቼ ፊትሽን ማየት አፈርኩ።»

አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ እየጠራ አለፈ። እኔ እልፍኝ ውስጥ ለእሳቸው አፍሬ፣ እሳቸው በረንዳ ላይ ለእኔ አፍረው፣ በመሐላችን ያልተዘጋ በር።

«ምን እንዳበላሸ እንጃ» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ሐሙስ ዕለት ባለሙያ አስመጥቼ ነበር። ሁለት አለው፣ አንዱ ዘገምተኛ አንዱ ፈጣን ነው አለኝ። ልጄ ልትፈተንበት ነው፣ ዘገምተኛውን አጥፋልኝና ፈጣኑን ብቻ ተው አልኩት። ‹እንግዳ› ብለን የሰየምነው እሱን ነው። በኔ ስልክ እንዴት ያለ መሰለሽ፣ ምስሉ ኩልል ብሎ ነው የሚታየው!»

እዚያው መንገዱ ላይ ሁሉም ነገር ቁልጭ አለልኝ። ዋይፋይ በሁለት ዓይነት ሞገድ ይመጣል። አዲስ ዕቃ ሁለቱንም ያያል። የኔ አዳፕተር፣ የኔም አሮጌ ስልክ፣ ዘገምተኛውን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ፈጣኑ ፊታቸው ቢቆም አያውቁትም። ይህን እኔ በጠመኔ ሥዬ አስተምረዋለሁ። ለፈተናም አወጣዋለሁ! ጋሼ እኔን ለማክበር ብለው የኔ አዳፕተር የምታውቀውን አንዱን አጥፍተዋል። ዋይፋዩ ግን አልጠፋም ነበር። በረንዳው ላይ፣ በእጃቸው በያዙት ስልክ ላይ፣ ቃለ መጠይቁን የሚያስጨርስ ሙሉ ኢንተርኔት ነበረ። «ጋሼ፣ አይታየኝም» ብል ስልካቸውን ይሰጡኝ ነበር። ሁለት ቃል ነው። እኔ ብሎ አስተማሪ!

ቡሬ ከተመለስኩ በኋላ ለፈታኞቹ ብጽፍ፣ ብለምን፣ የመጣልኝ መልስ በሰዓቱ አልተገኙም የሚል ብቻ ነው። እሱም እውነት ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ። የእርስዎ ዋይፋይ ምንም አልሆነም፤ የኔ ዕቃ ነው አሮጌ» አልኳቸው እዚያው መንገዱ ላይ። አዳፕተሯን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ አሳየኋቸው። አላመኑኝም። ለማጽናናት የምዋሽ መሰላቸው፤ ጠዋት ስትዋሽ የዋለችውን ልጅ ምን ብለው ይመኑ? ቦርሳዬን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ያ ሁሉ ሽበት፣ ጎንበስ አሉና፣ «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ።

«አፈር ስሆን ጋሼ! ኧረ አፈር ልብላ!» ብዬ ትከሻቸውን ይዤ አቃናኋቸው። ሁለታችንም እንባችን መጣ። እሳቸው በኩታቸው ጠረጉት።

«የክርስትና እናትሽን ምን እንበላት?» አሉ። «ነገ ጥላውን ልታስገባ ነው።»

እንዲሁ እንደቆምን ከኋላችን የአህያ ኮቴ ተሰማ። ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር ከጠበቁኝ ሴቶች አንዷ ናት። ዱቄቷን ጭና ወደ ገጠር እየተመለሰች ነው፤ ፀጉሯም ቅንድቧም ዱቄት ለብሷል፤ በነጠላዋ ጫፍ ከተሰጣት ዳቦ ግማሹን ለልጆቿ ቋጥራለች። ጋሼን ስታይ ጎንበስ ብላ፣ «እንዴት ዋሉ ጋሼ? ልጅዎ ተሳካላት?» አለቻቸው።

ጋሼ እኔን አላዩም። መሬት መሬቱን እያዩ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

«እሰይ!» አለች። መንገድ ላይ መሆኗን ረስታ አንዴ እልል አለችና ወደ እኔ ዞረች። «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። ፀሐዩ ቢመታንም ለደግ ነው የቆየነው።»

«አሜን» አልኩ።

አህያዋን ቸብ አድርጋ አለፈችን። ጋሼ የቦርሳዬን ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ወደ መናኸሪያው ቀደሙ፤ እኔም አዳፕተሯን በእጄ እንደጨበጥኩ ተከተልኳቸው።